በአስተርእዮ ማርያም የተፈለጠው ጉቶ

ደሴ ሰቆጣ ውስጥ በመጥረቢያው የሚታወቅ ሰው ነው። ሰርግ ሲደገስ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ «እንጨቱን ለደሴ ንገሩት» ይባላል። እሱም ይመጣና ግንዱን ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፤ ጋቢውን አውልቆ አጥር ላይ ይሰቅላል፤ መዳፉን እፍ ይልና ይጀምራል። የሱን ፍልጥ ከሌላ ሰው ፍልጥ የማይለይ የቤት እመቤት በሰፈሩ የለችም። ስለዚህ የጎረቤቱ የሐሊሜ ልጅ ሙና የምትዳርበት ቀን ሲቆረጥ፣ ሐሊሜ ሌላ ሰው አላማከረችም። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«ደሴ፣ የእንጨቱን ነገር ላንተ ጥየዋለሁ» አለችው።

«እቴ ሐሊሜ፣ እሱን እንደተፈለጠ ቁጠሪው» አላት።

ሐሊሜ ገበያው ጥግ ላይ የሸቀጥ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን የምታስተዳድረው ከትልቋ ልጇ ከያስሚን ጋር ነው። ከደሴና ከሚስቱ ከይመኙሻል ጋር እሳት ተጫጭረው፣ ለዒድም ለፋሲካም ተጠራርተው ነው የኖሩት። ሙና በእግሯ መሄድ የጀመረችው በደሴ ግቢ ውስጥ ነው ብትባል ውሸት አይሆንም።

እንጨቱ የተገኘው ከምሳው ዘንድ ነበር። ምሳው ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ፣ የሐሊሜ ባል የድሮ ወዳጅ ነው። ክረምት ላይ ነፋስ የጣለበት አሮጌ ወይራ ነበረውና፣ «ለሙና ሰርግ ይሁን» ብሎ ሰጣቸው። ነገር ግን ያመጣዋል የተባለው አይሱዙ መንገድ ላይ ተበላሸ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ቆይቶ፣ የሰርጉ ቀን ጥር ሃያ ሁለት ሆኖ ሳለ፣ መኪናው እየተንገጫገጨ ሰፈር የገባው ጥር ሃያ ቀን ሊመሽ ሲል ነው።

የሰፈሩ ወንዶች ተረባርበው አራገፉት። ቅርንጫፉ ወረደ፤ ግንዱ ወረደ፤ መጨረሻ ላይ ጉቶው መጣ። ተጋግዘው ገፍተው ሲጥሉት መሬቱ «ድም!» አለ። ሥሩ እንደ ተቆጣ ክንድ ዙሪያውን የተጠማዘዘ፣ አንጓው በአንጓ ላይ የተደራረበ፣ ከደሴ ወገብ የሚደርስ የወይራ ጉቶ ነበር። ሌሎቹ ሰዎች፣ «ይሄማ ለምን ተጫነ? ማን ይፈልጠዋል?» አሉ። ደሴ ግን ተጠጋ። እጁን አሳረፈበት፤ ዞረው፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ፤ እንደገና ዞረው። ጉቶው በጎኑ ወድቆ ነበርና በሥሩ በኩል አንድ ነገር አየ፤ ለማንም ሳይናገር ፈገግ ብሎ በሥሩ እንዲያቆሙት አደረገ።

«ይችን ማንም እንዳይነካብኝ» አለ። «ይች የኔ ናት። ነገ በማለዳ…»

«ነገ?» አለች ይመኙሻል፣ ከኋላው ቆማ። «ነገ ምን ቀን እንደሆነ ረሳኸው?»

ደሴ እጁን ከጉቶው ላይ አነሣ። ነገ ጥር ሃያ አንድ ነው፤ አስተርእዮ ማርያም። በዚያ ቀን እንኳን ወይራ ሊፈለጥ ጭራሮም አይሰበርም።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ቅዳሴው እንዳለቀ የንስሐ አባቱን ቄስ ገብረ አምላክን ከበሩ ሥር ጠብቆ ያዛቸው። ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ቄሱም መስቀላቸውን እያሳለሙት፣

«ፀሐይ እስክትጠልቅ መጥረቢያ እንዳትነካ። ስትጠልቅ ቀኑ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ፍለጥ» አሉት።

«አባቴ፣ ቃል ገብቻለሁ እኮ። የሐሊሜ ዘመዶች ሲፈልጡ በአፌ ባሳያቸውስ?»

ቄሱ ሳቁ። «አፍማ መጥረቢያ አይደለም። ያንተ ግን ሳይጠጋው አይቀርም፤ ተጠንቀቅ።»

ደሴ ወደ ሐሊሜ ግቢ ሲደርስ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። ድምፁ ግን የእንጨት ፈላጭ ድምፅ አልነበረም፤ አንዴ ጧ፣ አንዴ ድፍ፣ አንዴ ደግሞ ድንጋይ መትቶ ቅጭልጭል የሚል ነበር። ገብቶ ሲያይ ሁለት ወጣቶች ከግንዱ ጋር ይታገላሉ። አንደኛው የሙና የአጎት ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳው ሚፍታሕ ነው። ሁለተኛው ሐይደር ነው፤ ገበያ ውስጥ ስልክ ይሸጣል፤ ሸሚዙ ገና የካውያ ትኩሳት ያልለቀቀው ነበር። የሚፍታሕ መጥረቢያ ግንዱ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ እግሩን ግንዱ ላይ አድርጎ ይጎትታል። ሐይደር በመታ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

«ዓይንህን ጨፍነህ ነው ስልክ የምትሸጠው?» አለው ደሴ ከበሩ።

«አያ ደሴ! አልሐምዱሊላህ መጡልን!» አለ ሐይደር፣ መጥረቢያውን በሁለት እጁ እየዘረጋለት።

ደሴ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «አታስጠጋው! ዛሬ ማርያም ናት። ያችን ድንጋይ ወዲህ አምጡልኝ፤ ተቀምጬ እነግራችኋለሁ።»

በነጭ ጋቢው ተጀቡኖ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው የሰፈሩ ሰው በየመንገዱ ሲያልፍ ድምፁን እየሰማ ገባ። በዓል ነው፤ ሥራ የለም፤ ሁሉም ነጭ ለብሶ የግቢውን አጥር ተደግፎ ቆመ። ከመሃላቸው በሕይወቱ እንጨት ያልፈለጠ ወንድ አንድም የለ፤ ዛሬ ግን የሁሉም እጅ ታስሯል። አፋቸው ግን አልታሰረም።

«ከፍ አድርገው!»

«ዝቅ በል፣ ጉልበትህን እጠፍ!»

«በቀኝ! ኧረ በቀኝ!»

«ግራ ቀኙን ለይቶ መቼ ያውቃል፣ ባጃጁንም እንዲሁ ነው የሚነዳው!»

ሚፍታሕ ላቡን እየጠረገ ዙሪያውን አየ። «የማንን ልስማ?» አለ ግራ ገብቶት።

«ዝም በሉ!» ብሎ ደሴ ከድንጋዩ ተነሣ። «እንጨት በአንድ አፍ ነው የሚፈለጠው። ሚፍታሕ፣ ወዲህ እይ። እግርህን ክፈት፤ እንደሱ። መጥረቢያውን አትግፋው። አንተ ሥራህ ከላይ ማድረስ ነው፤ መውደቁን ብረቱ ራሱ ያውቃል። አሁን ግንዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ስንጥቅ አየሃት? እሷን ተከተል። አንጓውን ሽሸው፤ አንጓ ማለት የእንጨት ቂም ነው፤ ፊት ለፊት አይገጠምም።»

ሚፍታሕ «ቢስሚላህ» ብሎ አነሣ። መጥረቢያው ወረደ። ግንዱ እንደ ተልባ ፍሬ «ጧ!» ብሎ ለሁለት ተከፈለና ግራና ቀኝ ተጋደመ። ሚፍታሕ የሠራውን ራሱ አላመነም፤ አንዴ መጥረቢያውን፣ አንዴ እንጨቱን አየ። ከማጀት ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አጥር የተደገፈው ሕዝብ አጨበጨበ። ደሴም የራሱን ጉልበት በጥፊ መታ።

«ድገማት! ድገማት!»

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው። ሚፍታሕ ሲፈልጥ ሐይደር እልህ ያዘው፤ ሐይደር ሲፈልጥ ሚፍታሕ ሌላ ግንድ አንከባለለ። እያንዳንዱ ፍልጥ ሲወድቅ እልልታ፣ መጥረቢያው ሲስት ሳቅ፤ ግቢው የኳስ ሜዳ መሰለ። ደሴ መቀመጥ አልቻለም። እነሱ መጥረቢያ ሲያነሡ የሱም ትከሻ አብሮ ይነሣል፤ ሲያወርዱ እሱም «እህ!» ይላል። ይመኙሻል የጋቢውን ጫፍ ይዛ ከጎኑ ቁጭ አለች፤ ወደ መጥረቢያው በተጠጋ ቁጥር ትስበዋለች። ሲሞቀው በኽምጣና ይጮኻል፤ ወጣቶቹ ቋንቋውን ባይሰሙም፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ገባቸው።

ፍልጡን እየተሸከመች ወደ ማጀት የምታስገባው ያስሚን ነበረች። ያስሚን ሰላሳ ዓመት አልፏታል፤ ወፍራም ክንድ አላት፤ የስኳር ጆንያ ከመኪና አውርዳ ሱቅ የምታስገባው ራሷ ናት። ለእቅፍ እንጨት በመጣች ቁጥር ትንሽ ቆም ትላለች። ዓይኗ ሰዉ ላይ አይደለም፤ መጥረቢያው እንጨቱን የሚያገኝበት ቦታ ላይ ነው። ደሴ ይሄን አንድ ሁለቴ አስተዋለ፤ ግን ሐይደር አንድ አስቸጋሪ ግንድ ይዞ ነበርና ረሳው።

ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ግንዱ አልቆ፣ ፍልጡ በማጀቱ ግድግዳ ልክ ተከምሮ ነበር። ሚፍታሕና ሐይደር እንደ አርበኛ በሰው መሃል እየተጨበጨበላቸው ወደ መስጊድ ሄዱ። በግቢው መሃል ያ ጉቶ ብቻውን ቀረ።

ደሴ ወደ ፀሐይ አየ። ገና አለች፤ ግን ወደ ጋራው እያዘቀዘቀች ነው። ትንሽ ይታገሣል፤ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪቡ አዛን ሲሰማ ጋቢውን ይጥላል፤ ከዚያ እሱና ጉቶው ብቻቸውን ይገናኛሉ። ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ! ትከሻው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይቆረጥመው ጀምሯል፤ እንዲህ ያለ ጉቶ ዳግም ይግጠመው አይግጠመው አያውቅም።

ይሄኔ የሰርጉ ወጥ ሠሪ ትግስት ጭልፋዋን እንደያዘች ከማጀት ወጣች።

«እማማ ሐሊሜ፣ ይሄ ሁሉ ቀጭን እንጨት ነው። ቦግ ብሎ ያልቃል። ሥጋው አሁን ካልተጣደ ለነገ አይደርስም። ፍም የሚይዝ፣ እያደረ የሚነድ ወፍራም እንጨት አምጡልኝ።»

ሐሊሜ ወደ ጉቶው አየች፤ ከዚያ ወደ ደሴ።

«ፀሐይ ስትጠልቅ» አለ ደሴ ፈጥኖ። «አሁን ነው የምትጠልቀው እቴ ሐሊሜ። የኔ ነው ብያለሁ።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ እኔ ማሰሮ አቅፌ ልቁም?» አለች ትግስት።

ያስሚን የተሸከመችውን ፍልጥ መሬት ላይ አወረደች። እጇን በሻሿ ጠረገችና ወደ ደሴ መጣች።

«አያ ደሴ፣ ልሞክራት?»

«ተይ ልጄ። ይች ያንቺ አቅም አይደለችም።»

ይሄን ብሎ ዓይኑን ወደ ጉቶው መለሰ። ነገሩ የአቅም አለመሆኑን ያውቃል።

«ያስሚን!» ብላ ሐሊሜ ጮኸች። «የሰርግ ቤት ሰው ሞልቶ! የሙሽራ እኅት መጥረቢያ ይዛ ብትታይ የወንዱ ወገን ምን ይላል?»

በዚህ መሃል የመኝታ ቤቱ መስኮት ተከፈተና ሙሽራዋ ሙና ብቅ አለች። ሁለት እጇ ሂና ተቀብቶ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አንሥታዋለች።

«እማዬ ተያት! ያስሚን፣ በይው!»

ሕዝቡ ተንጫጫ። «ተያት! ትሞክር!» አለ ሁሉም። ሐሊሜ ግራና ቀኝ አይታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እግርሽን ብትቆርጪ ተሸክሜ ሰርግ አልሄድም፤ ስሚኝ!» አለችና ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ያስሚን የሚፍታሕን መጥረቢያ አነሣች። ጉቶውን ከላይ መታችው፤ መጥረቢያው ነጥሮ ተመለሰ። ደገመች፤ ነጠረ። ሦስተኛውን ስትመታ ብረቱ እንደ ደወል ጮኸና ክንዷ እስከ ትከሻዋ ነዘረ። ጉቶው ላይ የጥፍር ጭረት የምታህል ምልክት እንኳ አልወጣችም። አንዳንዱ ሰው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ በርኅራኄ፣ «ተይው ልጄ፣ ለወንድ እንኳ የሚቻል አይደለም» አላት።

እሷ ግን አልሰማችም። ጎንበስ ብላ ጉቶውን መዞር ጀመረች። እጇን አሳረፈችበት፤ ዞረችው፤ እንደገና ዞረችው። ደሴ አንገቱን አስግጎ አያት። ትናንት ማታ እሱ እንዲሁ ነበር ያደረገው፤ ልክ እንዲሁ። ፈልጋ አላገኘችም፤ የምትፈልገው ነገር ከታች ነበርና፣ ጉቶው ተቀምጦበት።

ደሴ ወደ ፀሐይ አየ። ከጋራው በላይ ስንዝር ያህል ቀርታለች። ዝም ቢል፣ ትንሽ ብቻ ዝም ቢል፣ እሷ ይደክማትና ትተዋለች፤ ጉቶው የሱ ይሆናል። ማንም ምንም አይለውም። ከጠዋት ጀምሮ የሚያውቀውን ሁሉ ለነዚያ ልጆች ሲያድል ውሎ፣ ይችን አንዲቷን ለራሱ ቢያስቀር ምን አለበት? ደግሞ ያስሚንን አያት። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ ዓይኗ ጉቶው ላይ ተተክሏል፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ያስሚን!» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «ገልብጫት!»

«ምን?»

«ገልብጫት አልኩሽ! ሥሯ ወደ ላይ ይዙር!»

ማን ይገልብጣት? ክርስቲያኖቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ «ማንከባለልስ ሥራ ነው ወይ?» የሚል ክርክር ሊነሣ ሲል ሐሊሜ ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። «የልጄ እልህ እኔንም ይዞኛል» አለችና ከሽንኩርቱ የተነሡት ዘመዶቿ ሁሉ አገዟት። ጉቶው ተወዛወዘ፤ አቃሰተ፤ ተገለበጠ። አቧራው ሲወርድ ሥሩ ሰማይ አየ።

«አሁን ቅረቢ። መሃሉን ተይው። በጠርዙ በኩል፣ ሁለቱ ሥሮች በተለያዩበት፣ ፀጉር የመሰለች መስመር ትታይሻለች?»

ያስሚን ፊቷን እስኪነካ አስጠግታ አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ጥርሷ በሙሉ እየታየ፣

«ታየችኝ!» አለች።

«ትናንት ማታ ያስቀመጥኳቸው የመሰንጠቂያ ሽብልቆቼ በአጥሩ ሥር ናቸው፤ ራስሽ አውጫቸው። መዶሻውም እዚያው ነው። አንዱን ሽብልቅ መስመሯ ላይ ትከይው። መጀመሪያ በቀስታ፤ እስኪነክስ ድረስ እያባበልሽ።»

ያስሚን ብረቱን ሽብልቅ ተከለች። ቀስ እያለች መታችው። ቅጭል፣ ቅጭል ሲል ቆየና ድንገት ድምፁ ተለወጠ፤ ወፍሮ «ድፍ» አለ።

«ነከሰ!» ብሎ ደሴ ዘሎ ተነሣ። ይመኙሻል የጋቢውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችው። «ደሴ! ማርያምን!» እሱ ግን ጋቢውን ትቶላት ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ቆመ። «አሁን በሙሉ ክንድሽ! ከትከሻሽ አምጪው!»

መታች። መስመሯ ጣት አከለች። ከጉቶው ሆድ ውስጥ ስስ ድምፅ ተሰማ፤ በክረምት ግድግዳ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ዓይነት። ትግስት ጭልፋዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ሁለተኛውን ሽብልቅ! ከፊቱ ትከይ!»

በዚህ ጊዜ ሚፍታሕና ሐይደር ከመስጊድ ወጥተው ሻይ ሲጠጡ ቆይተው ተመለሱ። ሚፍታሕ የያስሚን ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየና ሮጦ ገብቶ፣ «አምጪ፣ እኔ ልጨርስልሽ» ብሎ መዶሻውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካት!» ብሎ ደሴ እንደ ነብር ጮኸበት። «የሷ ናት!»

ያለውን ራሱ ሰማው። በልቡ የነበረ ነገር እንደ እንቁራሪት ከአፉ ዘሎ የወጣ መሰለው፤ ቀለለውም። ሚፍታሕ እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ያስሚን መዶሻውን አነሣች። ከራሷ በላይ ስታደርሰው የምትጠልቀዋ ፀሐይ ብረቱ ላይ አረፈች። «ቢስሚላህ!» አለች፤ ግማሹ ሕዝብ አብሯት አለ፤ ሌላው ግማሽ «እመብርሃን!» አለ። መዶሻው ወረደ።

ጉቶው እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ከላይ እስከ ታች ተተረተረና ሁለት ቦታ ወደቀ። ውስጡ እንደ በሰለ ኮክ ቀይና ቢጫ ነበር፤ ሽታው፣ ያ የወይራ ጣፋጭ ሽታ፣ ግቢውን ሞላው። ከዚያ ግቢው ተናወጠ። ሴቶቹ እልልታውን አስተጋቡ፤ ሐይደር በስልኩ እቀርጻለሁ ብሎ ስልኩን ጣለው፤ ሙና የሂናዋን ነገር ረስታ መስኮቱን ስትደበድብ ፌስታሉ ተቀደደና መጋረጃው ተቀባ። ሐሊሜ «የኔ ልጅ! የኔ ልጅ!» እያለች ትዞራለች። ደሴ በሸሚዙ ብቻ፣ ጫማው ከእግሩ ወጥቶ፣ በአቧራው ላይ ይዘላል። አንድ ጎረቤት አቅፎት አብሮት ዘለለ። ጉንጩ እርጥብ መሆኑን ያወቀው ይመኙሻል በነጠላዋ ስትጠርገው ነው።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰዉ ገና አልተበተነም ነበር። ትግስት ከግማሹ ጉቶ ከወጣው ወፍራም ፍልጥ እየጎተተች ወስዳለች፤ ከማጀቱ የፍም ብርሃን ይታያል። ያስሚን ገብታ ሰግዳ ስትመለስ ደሴን መጥረቢያ ይዞ አገኘችው። የቀረችውን ግማሽ ጉቶ ከበው ፊት ለፊት ቆሙ። እሱ ሲያወርድ እሷ ታነሣለች፤ እሷ ስታወርድ እሱ ያነሣል። ትከሻው ቆረጠመው፤ ግድም አልሰጠው።

ሲጨርሱ ያስሚን መዳፏን ገልብጣ አየችው። ውኃ ቋጥሯል፤ አንዱም ፈንድቷል።

«ነገ በዚህ እጅ ነው እንግዳ የምጨብጠው» አለች እየሳቀች። ቆየት ብላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ደሴ፣ እንዲህ ያለ ጉቶ ሌላ የት ይገኛል?»

«የምሳው ማሳ ላይ ሁለት ቀርተዋል። አንደኛው ከዚችም ይብሳል።»

«ከሰርጉ ማግስት እንሂዳ! ሱቁን እዘጋለሁ።»

«ከሰርጉ ማግስትማ ጊዮርጊስ ነው።»

«በማግሥቱስ?»

«ተክለ ሃይማኖት።»

«ከሱ ቀጥሎስ?»

ደሴ ጣቱን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። መድኃኔ ዓለም አለ፤ ባለወልድ አለ፤ መሃሉ ላይ ሰንበት ይገባል። አንደኛው እጁ አልቆ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ያስሚን የተፈለጠው እንጨት ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።